አንድ መልክ፣ ሁለት ልብ

(ከዚህ በታች የቀረበው ጽሑፍ አንዲት የማኅበራዊ አገልግሎት ባለሙያ ለአንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የፀረ ኤድስ ክበብ አባላትና ለሌሎች ተማሪዎች ያደረገችው ንግግር ነው። — ዝግጅት ክፍሉ)



ከሁሉ አስቀድሜ ይህን መድረክ ላዘጋጁት የክበቡ አባላትና መምህራን ምስጋናዬን አቀርባለሁ። የክበቡ ጸሐፊ «ዛሬ ስለ ምንድን ነው የሚያስተምሩን?» ብላ ስትጠይቀኝ «ስለ ሁለት መንትያ እህትማማቾች» አልኳት። ትንሽ ቅር ያላት መሰለኝ። «እኛ እኮ የጠራንዎት ስለ ኤችአይቪ እንዲያስተምሩን ነው» አለችኝ። ታገሺኝ አልኳት። እናንተም ታገሡኝ። መንገዱ ትንሽ ዞር ይላል እንጂ እዚያው ያደርሰናል።

ለመሆኑ እዚህ አዳራሽ ውስጥ መንታ የሆነ አለ? እስቲ እጃችሁን አውጡ። አንድ፣ ሁለት… አንቺ ብቻሽን ነሽ? ሌላኛዋስ የት ሄደች? (ሳቅ) አያችሁ፣ መንታ መሆን ማለት ይኸው ነው። ብቻዋን ስትታይ «ሌላዋስ?» ትባላለች። ሙሉ ሰው ሆና ሳለ ግማሽ ትመስለናለች። የዛሬው ወሬዬም ከዚሁ ይጀምራል።

የባዮሎጂ መምህራችሁ እንዳስተማሯችሁ መንትዮች ሁለት ዓይነት ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ከሁለት የተለያዩ እንቁላሎች የሚፀነሱ ናቸው፤ እነዚህ መልካቸውም ፆታቸውም ሊለያይ ይችላል። ሁለተኛዎቹ ግን አንድ የተፀነሰ እንቁላል ለሁለት ተከፍሎ የሚወለዱ ናቸው። ከ1000 ወሊድ ውስጥ ከ3 እስከ 4 የሚሆነው እንዲህ ዓይነት ነው። የዘር ውርሳቸው አንድ ነው ማለት ይቻላል፤ የጣት አሻራቸው ግን ይለያያል። ጠባያቸውማ ምን ልበላችሁ! በመንትዮች ላይ የተደረጉ በርካታ ጥናቶች እንደሚያሳዩት በሰዎች መካከል ካለው የጠባይ ልዩነት ግማሽ ያህሉ ከዘር ውርስ ጋር የተያያዘ ነው። የቀረው እያንዳንዱ ሰው በራሱ ሕይወት ከሚገጥመው ነገር የሚመጣ ነው፤ ከጓደኛ፣ ከሕመም፣ ከአስተማሪ፣ ከአጋጣሚ። ሰዎች ስለ እሱ ከሚናገሩት ነገርም ጭምር።

አንድ በዓለም የታወቀ ምሳሌ ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 4 ቀን 1918 በአሜሪካ አዮዋ ግዛት፣ ሱ ሲቲ በምትባል ከተማ በ17 ደቂቃ ልዩነት ሁለት መንትያ ሴቶች ተወለዱ። ለፊተኛዋ አስቴር ፖሊን፣ ለኋለኛዋ ፖሊን አስቴር የሚል ስም ወጣላቸው። ስማቸው እንኳ ተገልብጦ የተለበሰ አንድ ልብስ ይመስላል። አብረው አደጉ፣ አብረው ተማሩ፣ እ.ኤ.አ. በ1939 በአንድ ቀን ተሞሸሩ። እ.ኤ.አ. በ1955 አስቴር በአንድ የቺካጎ ጋዜጣ ላይ «አን ላንደርስ» በሚል የብዕር ስም ይወጣ የነበረውን የምክር ዓምድ ተረከበች። ጥቂት ወራት ሳይቆይ እ.ኤ.አ. በ1956 መጀመሪያ ላይ ፖሊንም በሳን ፍራንሲስኮ «ዲር አቢ» የሚል የራሷን የምክር ዓምድ ጀመረች። ሁለቱም ገነኑ። የእያንዳንዳቸው ጽሑፍ ከአንድ ሺህ በላይ ጋዜጦች ላይ እስከ መውጣት ደረሰ።

እና ምን ሆነ መሰላችሁ? በመካከላቸው ፉክክር ገባና ተኳረፉ! ለሚሊዮኖች «ከእህትሽ ጋር ታረቂ» እያሉ የሚመክሩት ሴቶች እርስ በርሳቸው ለዓመታት ሳይነጋገሩ ቆዩ። «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» ይል የለ ያገራችን ሰው? ደግነቱ በኋላ ታርቀዋል። ይህን የነገርኳችሁ ቅናትና አለመግባባት የልጅ ወይም ያልተማረ ሰው ነገር ብቻ እንዳይመስላችሁ ነው።

አሁን ወደ እኔዎቹ መንትዮች ልምጣ።

እኔ በሶሺዮሎጂ ተመርቄ በማኅበራዊ አገልግሎት ሥራ ከተሰማራሁ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። አስተማሪ አይደለሁም፤ ተማሪዎች ግን «ቲቸር» ይሉኛል፣ እኔም ለመድኩት። ይህን ታሪክ እንድናገር ሁለቱም ልጆች «ለሌሎች ትምህርት ይሁን» ብለው ፈቅደውልኛል። ስማቸውን፣ ከተማቸውንና ትምህርት ቤታቸውን ግን አልነግራችሁም። ቀድማ የተወለደችውን ፊተኛዋ፣ ተከትላ የመጣችውን ኋለኛዋ እንበላት።

በነገራችን ላይ በናይጄሪያ የዮሩባ ሕዝብ ዘንድ ቀድሞ የወጣው መንታ ታይዎ፣ ተከትሎ የወጣው ኬሂንዴ ይባላል። ታላቅ ተብሎ የሚከበረው ግን ኋላ የመጣው ነው። ታይዎን «ቅደምና ዓለሙን እይልኝ» ብሎ የላከው ኬሂንዴ ነው ይላሉ። አያችሁ፣ ታላቅነት እንኳ ሰው የሚሰጠው ስም ነው። ይህን ያዙልኝ።

ልጆቹ ያን ጊዜ 16 ዓመታቸው ነበር፤ የ10ኛ ክፍል ተማሪዎች። እናታቸው ጉልት ላይ ሽንኩርትና ቲማቲም እየሸጡ ብቻቸውን ነው ያሳደጓቸው። መልካቸው አንድ፣ ቁመታቸው አንድ፣ ድምፃቸው አንድ። ጠባያቸው ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። ፊተኛዋ የሚኒ ሚዲያ ተናጋሪ፣ ኳስ ተጫዋች፣ ገና በር ላይ ስትደርስ ሳቋ ቀድሞ የሚገባ ልጅ ናት። ኋለኛዋ ዝምተኛ ናት። ትምህርቷን ታጠናለች፣ ቡና ታፈላለች፣ አንገቷን ደፍታ ሄዳ አንገቷን ደፍታ ትመለሳለች። ሰፈሩ ለሁለቱም ስም አውጥቶላቸዋል፤ አንዷ «እሳት»፣ ሌላዋ «ውሃ»። የቤቱ ቁልፍ የሚሰጠው ለውሃዋ ነው። የዕቁቡን ብር የምታደርሰውም እሷ ናት። ጎረቤቶች ለእናትየዋ «ያቺን እሳቷን ጠብቂያት እንጂ ይቺስ መልአክ ናት» ይሏቸዋል።

አንድ ቅዳሜ አመሻሽ ላይ አንዲት ጎረቤት ወደ ቤት መጡና «ከልጆችሽ አንዷን ከአንድ ጎልማሳ መኪና ስትወርድ አየኋት» አሉ። እናትየዋ «የትኛዋ?» ብለው አልጠየቁም። ተማሪዎች፣ ይህችን ነገር ልብ በሉልኝ። የትኛዋ ብለው አልጠየቁም! ፊተኛዋ ኳስ ስትጫወት ውላ አቧራ ለብሳ ስትገባ በሩ ላይ ጠበቋት። «እኔ አይደለሁም!» ብላ ጮኸች። ማን ይስማት? ተመታች። ሚኒ ሚዲያው ቀረ፣ ኳሱ ቀረ፣ ከትምህርት ቤት በቀጥታ ወደ ቤት ተባለች። ኋለኛዋ ያን ጊዜ ጀበናውን በእጇ እንደያዘች ቆማ ታይ ነበር። አንዲት ቃል አልተናገረችም።

ፊተኛዋ ከመኪናው የወረደችው ማን እንደሆነች ያኔውኑ ገብቷታል። የእህቷ ዝምታ ግን ክፋት መሰላት። «ሆን ብላ ነው ያስመታችኝ። ሚኒ ሚዲያው ላይ በመናገሬ ስትቀናብኝ ኖራለች» አለች በልቧ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ አልጋ ላይ ጀርባና ጀርባ ሆነው መተኛት ጀመሩ። ፊተኛዋ ትምህርት ጠላች። ክፍል ውስጥ ከኋላ ተቀምጣ መስኮት መስኮት ማየት ሆነ።

እኔ ታሪኩ ውስጥ የገባሁት ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። በክበባቸው የጥያቄ ሳጥን ውስጥ ስም የሌለበት ወረቀት ተገኘ። እንዲህ ይላል፦ «ሰው በሌላ ሰው ጥፋት ሲቀጣ ዝም ያለ ሰው ምን ይባላል? ከትልቅ ሰው ጋር የጀመሩትን ነገር መተው ቢፈልጉስ ለማን ይነገራል?» ከሥሩ ለማነጋገር ዝግጁ መሆኗን ጽፋለች። በክበቡ ሰሌዳ ላይ የምገኝበትን ቀንና ሰዓት ለጠፍኩ። በቀኑ በሩ ተንኳኳና አንዷ ገባች። እኔ ደግሞ ምን እንዳልኳት ታውቃላችሁ? «አንቺ የሚኒ ሚዲያዋ ልጅ አይደለሽም? ግቢ፣ ግቢ» አልኳት። ልጅቷ ፈገግ አለችና «አይደለሁም። ግን እርስዎም እንደዚያ አሰቡ» አለችኝ።

አፈርኩ። የተማርኩት ሶሺዮሎጂ ነው። ሰው ላይ ስም መለጠፍ ምን እንደሚያደርግ ፈተና ላይ ጽፌበታለሁ። ነገር ግን ችግር አለ ሲባል የመጣችልኝ ተናጋሪዋ ልጅ ናት። እንደ ጎረቤታቸው፣ እንደ እናታቸው።

«ሰውየው መጀመሪያ ምን ብሎ ነው ያናገረሽ?» ብዬ ጠየቅኳት። ስለ ሞባይሉ ወይም ስለ ጫማው የምትነግረኝ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን «አንቺን ከእህትሽ ለይቼ አውቅሻለሁ አለኝ» አለች። ቀጥላም «ቲቸር፣ በሕይወቴ እንዲህ ያለኝ ሰው አልነበረም። ሰው የሚያስታውሰው እሷን ነው። እኔን ሲያገኙኝ ሰላም የሚሉት እሷን መስያቸው ነው» አለችኝ።

ያ ሰው ዕድሜው ከእጥፏ በላይ ነው። የፈለገውን ያውቃል። ስጦታውን አስቀደመ፣ ሚስጥር አስጠበቃት፣ ከዚያ ያለ ኮንዶም ግንኙነት ላይ ደረሱ። «ለምን ያን ዕለት ለእናትሽ አልተናገርሽም?» ስላት የመለሰችልኝን እስከ ዛሬ አልረሳውም። «እሷ ብትመታም ነገ ትስቃለች፣ ሰው ይወዳታል። እኔ ግን ጥሩ ልጅ ከመባል ሌላ ምን አለኝ?» አለችኝ።

እስቲ እዚህ ላይ ትንሽ እንቁም። ቻርልስ ኩሊ የሚባል አሜሪካዊ የሶሺዮሎጂ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1902 ባሳተመው መጽሐፉ ሰው ራሱን የሚያየው በሌሎች ሰዎች መስታወት ውስጥ ነው የሚል ሐሳብ አቅርቧል። ሌሎች እንዴት እንደሚያዩኝ እገምታለሁ፣ በዚያም ግምት ወይ እኮራለሁ ወይ አፍራለሁ። መንታ ደግሞ ሁለት መስታወት አላት። አንዱ ሰው ነው፤ ሁለተኛው ፊት ለፊቷ የተቀመጠች የራሷ መልክ ናት። ስለዚህ በአንድ ቤት ያደጉ ልጆች ሳያውቁት ቦታ ይከፋፈላሉ። አንዷ «ጎበዝ» የሚለውን ስትይዝ ሌላዋ «ተጫዋች» የሚለውን ትይዛለች። ቦታው አንዴ ከተያዘ መውጣት ያስቸግራል። ተጫዋቿ ብታዝን የሚያምናት የለም። ጨዋዋ ብትሳሳት የሚጠረጥራት የለም። ይህ መንታ ላልሆናችሁትም ይሠራል። ከታላቅ ወንድማችሁ፣ ከአክስታችሁ ልጅ፣ ከጎረቤት ልጅ ጋር ስትወዳደሩ አይደለም እንዴ ያደጋችሁት?

ቅናትንም በትክክል እንወቀው። ቅናት «እኔም ባገኘሁ» ይላል፤ ይህ በሁላችንም ውስጥ አለ፣ አያሳፍርም። ምቀኝነት ግን «እሷም ባጣች» ይላል። ያልተነገረ ቅናት ውሎ ሲያድር ወደዚያ ይንሸራተታል። እነዚህ ልጆች ገና እዚያ አልደረሱም ነበር። አፋፉ ላይ ነበሩ።

በኋለኛዋ ፈቃድ ፊተኛዋን አስጠራኋት። ሁለቱም አንድ ክፍል ውስጥ ተቀመጡ፣ ግን አይተያዩም። ለእያንዳንዳቸው ወረቀት ሰጠሁና «እህትሽ ያላት፣ አንቺ የሌለሽ ነገር ምንድን ነው? ጻፊው» አልኳቸው። ሲጨርሱ ወረቀቱን አለዋወጥኳቸው።

ፊተኛዋ የጻፈችው፦ «እማዬ ታምናታለች። እኔ በሕይወቴ ቁልፍ ተሰጥቶኝ አያውቅም። የምጮኸው ካልጮኽኩ የሚያየኝ ስለሌለ ነው።»

ኋለኛዋ የጻፈችው፦ «ሰው ይወዳታል። እሷ ስትገባ ቤቱ ይሞቃል። እኔ ዝም የምለው የምናገረው ነገር ጠፍቶኝ ሳይሆን እሷ ቀድማ ስለምትናገረው ነው።»

ረጅም ዝምታ ሆነ። ከዚያ ፊተኛዋ «አንቺ እኔ ላይ ትቀኛለሽ? በምኔ?» አለችና ሳቅና ለቅሶ አንድ ላይ መጣባት። ኋለኛዋ «ያን ቀን መናገር ነበረብኝ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ይቅር በይኝ» አለቻት። ዐሥራ ስድስት ዓመት አንድ አልጋ ላይ ተኝተው አንዷ የሌላዋን ልብ አያውቁትም ነበር። መልክ ስለተመሳሰለ ልብም የሚታወቅ ይመስላል፤ ግን ካልተጠየቀ አይታወቅም።

ለእናታቸው የነገርነው ሦስታችን ሆነን ነው። እናትየዋ መጀመሪያ ተቆጡ፣ ከዚያ አለቀሱ። በመጨረሻ ፊተኛዋን ወደ ራሳቸው ጎትተው አቀፏትና «ልጄ፣ የትኛዋ ብዬ አለመጠየቄ አጠፋኝ» አሉ። የሰውየው ጉዳይ በሕግ መንገድ ሄዷል። በ1996ቱ የአገራችን የወንጀል ሕግ ለአካለ መጠን ካልደረሰች ልጅ ጋር የግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚፈጽም አዋቂ ወንጀለኛ ነው። ልጅቷ ስጦታ ተቀብላለች ወይም «እሺ» ብላለች ተብሎ ነጻ አይወጣም። ይህን ለጓደኞቻችሁም ንገሩ። ጥፋተኛው እሱ ነው፤ የምታፍረው እሷ መሆን የለባትም።

የቀረው ምርመራው ነበር። ኋለኛዋ ፈራች። «ጤና ጣቢያው በር ላይ ሰው ቢያየኝስ?» ትላለች። ፊተኛዋ ምን አለቻት መሰላችሁ? «ሁለታችንም እንመርመር። አንቺ ብቻሽን ከገባሽ ሰው ያወራል። ሁለታችን ከገባን ግን የትኛዋ ለምን እንደመጣች ማን ያውቃል? ባለፈው ባንቺ ፊት እኔ ተመታሁ፤ ዛሬ ደግሞ ይኸው ፊት ይጥቀመን!» አለቻት። ተያይዘው ሄዱ፣ የምክር አገልግሎቱን አገኙ፣ ተመረመሩ።

«ውጤቱስ?» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። አልነግራችሁም። የምርመራ ውጤት የባለቤቱ ነው። ሁላችሁም ልታውቁት የሚገባውን ግን እነግራችኋለሁ። ቫይረሱ ዝምተኛና ተናጋሪ አይለይም። መልክ አይቶም አይታወቅም፤ አንድ መልክ ካላቸው መንትዮች እንኳ አንዷ በደሟ ውስጥ ሊኖር፣ ሌላዋ ላይኖር ይችላል። አንድ ሰው ከተጋለጠ በኋላ ወዲያው የሚደረግ ምርመራ ቫይረሱን ላያሳይ ስለሚችል የጤና ባለሙያው በሚነግረው ጊዜ ተመልሶ መመርመር አለበት፤ ብዙ ጊዜ ሦስት ወር ይባላል። መጋለጥ ከደረሰ ደግሞ በ72 ሰዓት ውስጥ ጤና ተቋም ለደረሰ ሰው መከላከያ መድኃኒት አለ። ቫይረሱ ቢገኝበትም መድኃኒቱን በየቀኑ በአግባቡ የሚወስድ ሰው ረጅም ዕድሜ ይኖራል፣ ይማራል፣ ቤተሰብ ይመሠርታል። የቫይረሱ መጠን በምርመራ እስከማይታይ ድረስ ከቀነሰና እንደዚያው ከቆየ በግብረ ሥጋ ግንኙነት ወደ ሌላ ሰው አያስተላልፍም። ስለዚህ የሚጎዳን አለማወቁ ነው።

እንግዲህ የክበቡን ጸሐፊ ይቅርታ ልጠይቃት፤ እዚያው ደረስን አይደል? (ሳቅ)

ከመሰናበቴ በፊት ሦስት ነገር አደራ ልበላችሁ።

አንደኛ፣ በጓደኛችሁ ላይ የተለጠፈውን ስም አትመኑ። «እሷ እንኳ ምንም አትሆንም» የምትሏት ልጅ ምናልባት ማንም ጠይቋት የማያውቅ ልጅ ናት። «እሷማ ያው ናት» የምትሏት ደግሞ ያላጠፋችውን ጥፋት ተሸክማ ይሆናል።

ሁለተኛ፣ የቀናችሁበትን ሰው አነጋግሩ። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ይባላል። እናንተ የሰው ወርቅ ስትመኙ ያ ሰው የእናንተን ወርቅ እየተመኘ ሊሆን ይችላል። ሁለቱ እህትማማቾች አንድ ወረቀት እስኪለዋወጡ ድረስ ይህን አላወቁም።

ሦስተኛ፣ «እኔ ብቻ ነኝ ማንነትሽን የማውቅሽ» የሚላችሁን ትልቅ ሰው ጠርጥሩ። መታወቅ የሁላችንም ጥማት ነው። ያን ጥማት አይቶ ውሃ የሚያቀርብ ሁሉ ግን ወዳጅ አይደለም።

ዛሬ ሁለቱ ልጆች ትምህርታቸውን ጨርሰዋል። አሁንም ፊተኛዋ ትለፈልፋለች፣ ኋለኛዋ ዝም ትላለች፤ በልብስም ይጣላሉ። እናታቸው ግን ሁለት ቁልፍ አስቀርጸዋል። ፊተኛዋ አንድ ቀን ቁልፏን አውጥታ አሳየችኝ፣ በቀይ ክር አስራዋለች። «ቲቸር፣ አሁን በእማዬ ቤት ስገባ አላንኳኳም» አለችኝ። ኋለኛዋ ከጎኗ ቆማ ነበር። «አሁንም ግን ትጮሃለች» አለች። ቀድማ የተናገረችው እሷ ነበረች።

እናንተም ከዛሬ ጀምሮ ስለ ሰው ክፉ ወሬ ስትሰሙ ከመፍረዳችሁ በፊት አንዲት ጥያቄ ጠይቁ፦ የትኛዋ?